ንፋሱ የስንት ደቂቃ ነው?

ሃሪኬን ሜሊሳ ጃማይካን በመታበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2025፣ ለእርማት እጄ የገባው ረቂቅ ዜና “በሰዓት 297.7 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ንፋስ” ይላል። ማባዛቱ ትክክል ነው። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል 185 ማይል ብሏል፤ አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። ማዕከሉ ራሱ ግን እዚያው መስመር ላይ 295 ኪሎ ሜትር ብሎ ጽፏል። ረቂቁን ያዘጋጀው ወጣት “ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?” ሲል ጠየቀኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህ ቁጥር ሥሩ ማይልም ኪሎ ሜትርም አይደለም። የማያሚ ባለሙያዎች የሚሠሩት በኖት ነው፤ መርከበኞች በሚጠቀሙበት፣ ቦሌ ላይም ለአብራሪዎች የንፋሱ ፍጥነት በሚነገርበት መለኪያ ማለት ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። የንፋሱን ጥንካሬ የሚገምቱት በአምስት አምስት ኖት እርከን ሲሆን፣ የዚያን ዕለቱ 160 ኖት ነበር። ይህ ወደ ማይል ሲለወጥ 184.1፣ ወደ ኪሎ ሜትር ሲለወጥ 296.3 ይሆናል። ከዚያ ሁለቱም ለየብቻ ወደሚቀርባቸው የአምስት ብዜት ይጠጋጉና 185 እና 295 ሆነው ይወጣሉ። የተጠጋጋውን ማይል እንደገና ያባዛ ሰው ከምንጩ ይርቃል። ከነጥቡ በኋላ ያለችውን 7 ማንም አልለካትም። ገማቾቹ እንኳ ጥቂት ኖት ወዲያና ወዲህ ሊሆን እንደሚችል እያወቁ ነው 160 የሚሉት።

ማጠጋጋት ተራ ነገር የሚመስለው ካለ፣ የሳፊር-ሲምፕሰን የሃሪኬን ደረጃ በ2012 የተስተካከለው በዚሁ ጣጣ ነው። በፊት ደረጃ 4 ከ131 እስከ 155 ማይል ነበር። 115 ኖት የሚነፍስ ሃሪኬን በኖት ሲታይ ደረጃ 4 ነው፤ ወደ ማይል ሲለወጥ ግን 132.3 ይመጣና ወደ 130 ይጠጋጋል። 130 ደግሞ ያኔ ደረጃ 3 ነበር። ማዕከሉ ይህን ግጭት ለማስቀረት እያወቀ 135 ብሎ ይጽፍ ነበር። በመጨረሻ ወሰኑን ከ130 እስከ 156 አድርገው ተገላገሉ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ሐቀኝነት እወዳለሁ።

ከመለኪያው ይልቅ አንባቢን የሚያሳስተው የደቂቃው ነገር ነው። ንፋስ እኩል አይነፍስም፤ ይበረታል፣ ይላላል። ስለዚህ ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው የሚባለው አማካይ ነው። የስንት ደቂቃ አማካይ? ማያሚ የአንድ ደቂቃ፣ ሕንድ የሦስት ደቂቃ፣ ጃፓን የ10 ደቂቃ ይወስዳሉ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ከፍተኛው አማካይ ዝቅ ይላል። አንዱን በቁና፣ ሌላውን በጣሳ ሰፍሮ ቁጥሩን ብቻ ማነጻጸር ምን ያደርጋል? በ2013 ፊሊፒንስን ያወደመው ቲፎን ሃያን በቶኪዮ አቆጣጠር 230 ኪሎ ሜትር፣ ሐዋይ ባለው የአሜሪካ ጦር የቲፎን ማስጠንቀቂያ ማዕከል አቆጣጠር 315 ኪሎ ሜትር ነበር። ሁለቱንም በአንድ ዜና ውስጥ ጎን ለጎን፣ ያለ ምንም ማብራሪያ የጻፉ ብዙ ነበሩ።

ለማቀራረብ የሚያገለግል ማባዣ አለ። ድሮ የአንድ ደቂቃውን በ0.88 ማባዛት የተለመደ ነበር፤ በ2010 የወጣው የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መመሪያ ግን ለባሕር ላይ ንፋስ 0.93 ይላል። እስኪ በሃያን ላይ እንሞክረው፦ 315 በ0.93 ሲባዛ 293፣ በ0.88 ሲባዛ 277። 230 ላይ አልደረስንም። የቀረው ልዩነት በስሌት የሚታረቅ አይደለም። ያንን ንፋስ ውስጡ ገብቶ የለካ አውሮፕላን አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች ከሳተላይት ምስል ተነሥተው የየራሳቸውን ግምት ሰጡ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች አላስታርቅም፤ ማን እንዳለውና የስንት ደቂቃ እንደሆነ አስጽፌ አልፋለሁ።

ክብረ ወሰን የሚባሉ ቁጥሮችም ሲመጡ ይኸው ጥያቄ አይቀርም። በ1996 ሳይክሎን ኦሊቪያ ምዕራብ አውስትራሊያ ባሮው ደሴት ላይ ያስመዘገበው 408 ኪሎ ሜትር ለሴኮንዶች ብቻ የበረታ ንፋስ ነው፤ ከማንም የደቂቃ አማካይ ጋር አይወዳደርም።

ሌላም አለ፤ እሱን በአጭሩ። ንፋሱ የሚሽከረከርበት ፍጥነትና አውሎ ነፋሱ ራሱ ከቦታ ቦታ የሚሄድበት ፍጥነት ለየቅል ናቸው። በ2019 ዶሪያን ባሃማስ ላይ 185 ማይል ነፍሶ ነበር፤ በኋላ ግራንድ ባሃማ ላይ ሲዘገይ ግን በሰዓት አንድ ማይል ያህል ነበር የሚንቀሳቀሰው። ችኩል ተርጓሚ ሁለተኛውን ቁጥር ያነሣና አስፈሪውን ነገር ቀንድ አውጣ ያደርገዋል። መንቀርፈፉ ግን ለደሴቲቱ ሰው መዓት ነበር።

በየዓመቱ ከፍሎሪዳና ከሂውስተን እየደወሉ “ደረጃ 2 ነው ይላሉ፤ እንውጣ ወይስ እንቀመጥ?” የሚሉኝ ወገኖች አሉ። ደረጃው የሚናገረው ስለ ንፋስ ብቻ ነው። ከባሕር ተገፍቶ ስለሚመጣው ውሃ ምንም አይልም፤ የውሃው ከፍታ ከደረጃው መግለጫ ከ2010 ጀምሮ ወጥቷል። ካትሪና በ2005 ሉዊዚያና ላይ ሲያርፍ ደረጃ 3 ነበር፤ ሚሲሲፒ ዳርቻ ላይ የቆለለው ውሃ ግን ከ8 ሜትር በላይ ደርሷል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የምትኖሩ ሁሉ፣ ቤታችሁ በየትኛው የመልቀቂያ ቀጠና ውስጥ እንደሆነ ከካውንቲያችሁ አሁኑኑ ጠይቃችሁ እወቁ። ቀጠናችሁ ውጡ ከተባለ የንፋሱን ደረጃ አትጠብቁ።