የሴቶች አካላዊ እንቅስቃሴና ለራስ የሚሰጥ ግምት፦ ተረትና እውነታ

ለራስ የሚሰጥ ግምት ማለት ሰው ስለ ራሱ ዋጋ በጥቅሉ የሚይዘው አመለካከት ነው። ይህ ግምት ከአካላዊ እንቅስቃሴ ጋር ያለው ዝምድና ሲለካ፣ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኘው የኤረር አካባቢ ሴቶች ኑሮ ብዙ የተለመዱ አስተሳሰቦችን ይፈትናል።

ተረት 1፦ ስፖርት የማትሠራ ሴት እንቅስቃሴ የላትም።

እውነታ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የአካላዊ እንቅስቃሴ መጠይቅ ሥራን፣ ጉዞንና መዝናኛን ለየብቻ የሚጠይቅ ሲሆን የቤት ውስጥ ሥራንም ይቆጥራል። መለኪያው ሜት ይባላል፤ ይህም ሰውነት በእረፍት ላይ ሳለ ከሚያወጣው ኃይል ጋር ተነጻጽሮ የሚሰላ ሲሆን መካከለኛ እንቅስቃሴ 4 ሜት ይያዝለታል። ስለዚህ ውሃ ለመቅዳት በየቀኑ 1 ሰዓት በእግሯ የምትጓዝ ሴት በሳምንት 1,680 ሜት ደቂቃ ታስመዘግባለች፤ ይህም በቂ ለመባል ከሚፈለገው 600 ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። በአርብቶ አደሩ ባህል አቃል የተባለውን ተንቀሳቃሽ ቤት መትከልና መንቀልም የሴቶች ድርሻ ነው።

ተረት 2፦ ብዙ የተንቀሳቀሰች ሁሉ ራሷን ከፍ አድርጋ ትገምታለች።

እውነታ፦ በፈቃድ የሚደረግ የመዝናኛ እንቅስቃሴ ከተሻለ የአእምሮ ጤና ጋር ሲዛመድ፣ በሥራ ግዴታ የሚመጣ እንቅስቃሴ ይህን ዝምድና አያሳይም። ሮበርት ሶንስትሮምና ዊልያም ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረቡት ሞዴል መሠረት፣ እንቅስቃሴ ለራስ በሚሰጥ ግምት ላይ የሚደርሰው «ይህን ማድረግ እችላለሁ» በሚል እምነትና ሰው አካሉን በሚቀበልበት መጠን በኩል ነው። በመሆኑም ጀሪካን መሸከምንና በፈቃድ የተመረጠ ሩጫን በአንድ ድምር የሚያስቀምጥ ጥናት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል።

ተረት 3፦ ለራስ የሚሰጥ ግምትን በሚለካ መጠይቅ የተገኘ ነጥብ ያለ ማብራሪያ ይነበባል።

እውነታ፦ ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው መለኪያ 10 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ ግማሾቹ ራስን የሚያሳንሱ ናቸው። በ53 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ እነዚህ አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮች በሁሉም ባህል አንድ ዓይነት ትርጉም እንደማይሰጣቸው አሳይቷል። ስለዚህ ሶማሊኛ ተናጋሪ ሴቶች መጠይቁን በቃል እንዲያቀርቡት፣ ከዚያ በፊትም በጥቂት ሰዎች ላይ እንዲፈተሽ ማድረግ ያስፈልጋል።

ተረት 4፦ ዝምድና ከታየ መንስኤው እንቅስቃሴ ነው።

እውነታ፦ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ፣ በራሷ የምትተማመን ሴት ለመንቀሳቀስ ትቀድም እንደሆነ፣ ወይም ገቢና ትምህርት ሁለቱንም ከፍ አድርገው እንደሆነ አይለይም። ይህን ለመለየት ተመሳሳይ ሴቶችን በጊዜ ሂደት መከታተል ወይም ፈቃደኞችን በዕጣ መድቦ ማነጻጸር ይጠይቃል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን እንቅስቃሴው የተመረጠ ወይም የተገደደ መሆኑ ሊመዘገብ ይገባል።