የባይራክታር ዓይንና የጎጃም ጠመንጃ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለችው ማንኩሳ ዛሬ «ድሮን» ሲባል የማይገባው ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ስሙ ይታወቅ እንጂ መሣሪያው ራሱ እምብዛም አይታወቅም። በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ከዋሉት ሰው አልባ አውሮፕላኖች ስሙ ይበልጥ የገነነውን የቱርኩን ባይራክታር ቲቢ2 እናስተዋውቃችሁ።

ባይራክታር ባይካር የተባለ ኩባንያ ሥራ ነው። ርዝመቱ 6.5 ሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ደግሞ 12 ሜትር ነው። ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሣ 700 ኪሎ ይመዝናል። ከኋላው ባለ ፕሮፔለር እየተገፋ ይበራል፤ ሞተሩ 100 የፈረስ ጉልበት ብቻ አለው። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዙ ለጦር አውሮፕላን ዝግታ ነው። የሚያስፈራው ትዕግሥቱ ነው፦ በ2011 ዓ.ም. ኩዌት ውስጥ በተደረገ ሙከራ ሳያርፍ ከ27 ሰዓት በላይ በሯል።

አብራሪዎቹ መሬት ላይ፣ ኮንቴይነር በመሰለ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። አንዱ ያበራል፣ ሌላው ካሜራውንና መሣሪያውን ይይዛል፣ አዛዡ ይወስናል። ከሆዱ ሥር ያለው ካሜራ ቀን በብርሃን፣ ሌሊት በሙቀት ያያል። ኢላማ ሲመረጥ በሌዘር ይጠቆማል፤ ከክንፉ ሥር ከተንጠለጠሉት እስከ አራት ከሚደርሱ ቦምቦች አንዱ ሌዘሩን ተከትሎ ይወርዳል። ኤምኤኤም-ኤል የሚባለው ቦምብ 22 ኪሎ ይመዝናል። የክረምት ደመና ካሜራውንም ሌዘሩንም ስለሚጋርድ፣ በጎጃም ሐምሌና ነሐሴ ድሮኑ አጥርቶ ለማየት ዝቅ ማለት ግድ ይሆንበታል።

ጎጃሜ ከሰማይ ሲመታ የመጀመሪያው አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ የመሩት የጎጃም ጦር ተከዜ ላይ ከጣሊያን አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ወርዶበታል። ማንኩሳን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያስተዋወቁን ሐዲስ ዓለማየሁም ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ነበር። ያኔ ግን አብራሪው ከሚደበድበው ጦር በላይ ራሱ ይበር ስለነበር በጥይት የመመታት ዕጣ ነበረበት። የድሮኑ አብራሪ ይህ ስጋት የለበትም።

ኢትዮጵያና ቱርክ ወታደራዊ ስምምነት የተፈራረሙት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባይራክታር በሰሜኑ ጦርነት ሥራ ላይ ዋለ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፍኖተ ሰላም ላይ የድሮን እንደሆነ በተነገረ ጥቃት በትንሹ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ተናገሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ከሐምሌ 28 ቀን 2015 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል በድሮን ጥቃት 248 ሲቪሎች መገደላቸውን አስታውቋል። መንግሥት ድሮን ታጣቂን እንጂ ሰላማዊ ሰውን ዒላማ አያደርግም ይላል።

ክርክሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ካሜራው ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ሰውንና ጠመንጃን ሊለይ ይችል ይሆናል፤ ጠመንጃው ለምን እንደተያዘ ግን አያውቅም። የጎጃም ገበሬ ጠመንጃ አንግቶ ገበያ ይወጣል፣ ሠርግ ይታደማል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ለቀብር የተሰበሰበ ሰውና ለውጊያ የተሰበሰበ ሰው ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱን የሚያውቀው የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ «ድሮን ገደለ» ማለት ፍርድን ያድበሰብሳል። ምስሉን ያየ፣ ዒላማውን የመረጠ፣ ትእዛዙን የሰጠ ሰው አለ። ካሜራው ያየው ምስል ደግሞ የሚቀዳ ነው። ሲቪሎች ሞተዋል በተባለበት ሁሉ ይህ ምስል ለገለልተኛ መርማሪ ሊቀርብ ይገባል።