ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም

ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠቆር ላለ ፊት መብራቱን ካላስተካከሉለት ከነጩ መጋረጃ ፊት ዓይንና ቅንድብ ይዋጣል። ዕድሜዬን በፎቶ ቤት ሥራ ያሳለፍኩ ሴት ነኝና፣ ኮምፒውተር ጥቁር ሴቶችን «ወንድ» እያለ እንደሚፈርጅ ስሰማ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ መብራቱ ነበር።

ጉዳዩን ያጋለጡት ሁለት ሴቶች ናቸው። ጆይ ቡኦላምዊኒ በአሜሪካው ኤምአይቲ ተማሪ ሳለች፣ የምትሠራበት ፕሮግራም ፊቷን ማግኘት አቅቶት ነጭ ጭምብል ስታጠልቅ ግን አገኘው። ትምኒት ገብሩ ደግሞ ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ በአፍላነቷ የተሰደደች ተመራማሪ ናት።

ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት የሩዋንዳ፣ የሴኔጋል፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የአይስላንድ፣ የፊንላንድና የስዊድን ፓርላማ አባላትን 1,270 ፎቶዎች ሰበሰቡ። ከዚያም የአይቢኤምን፣ የማይክሮሶፍትንና የቻይናውን ፌስ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሞች «ይህ ሰው ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብለው ፈተኑ። የአይቢኤሙ ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ የተሳሳተው 0.3 በመቶ ብቻ ነው። ጠቆር ካሉት ሴቶች ግን 34.7 በመቶውን ወንድ አላቸው። ከሦስት ሴቶች አንዷን ማለት ነው! ያውም የፓርላማ ፎቶ ተዘጋጅተው፣ ፊት ለፊት ቀና ብለው የሚነሱት ነው።

ስለ መብራት የነበረኝን ጥያቄ የዘጋልኝ የፌስ ፕላስ ፕላስ ውጤት ነው። ጠቆር ባሉ ወንዶች ላይ የተሳሳተው 0.7 በመቶ ነው፤ ነጣ ካሉት ወንዶች እንኳ ያንሳል። በጠቆሩ ሴቶች ላይ ግን 34.5 በመቶ ተሳስቷል። የወንዱን ጥቁር ፊት አጥርቶ ያየ ማሽን የእህቱን ካላወቀ ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም። ሦስቱም ፕሮግራሞች ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን አሳምረው ያውቁ ነበር።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚማረው ከሚያሳዩት ፎቶ ነው፤ ያላሳዩትን አያውቅም። ችሎታው የሚለካውም በፎቶ ክምችት ነው። በዘርፉ በስፋት ይሠራበት ከነበረ አንድ የመፈተኛ ክምችት ውስጥ ጠቆር ያሉ ሴቶች 4.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ላይ እኛ ከሌለን ማሽኑ በእኛ ላይ ቢወድቅም ማለፊያ ነጥብ ያገኛል። ማይክሮሶፍት በጥቅሉ 93.7 በመቶ ትክክል ነበር፤ ከጠቆሩት ሴቶች ግን 20.8 በመቶውን ስቷል። አማካይ ቁጥር እንዲህ አድርጎ ሰው ይደብቃል። (የጥንቱ የኮዳክ ፊልም ቀለምም ቢሆን የሚስተካከለው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ለእኛ ሙያ አዲስ በደል አይደለም።)

የሚያናድደኝ ሊታረም ይችል እንደነበር ማወቄ ነው። ጥናቱ ከወጣ በኋላ በተደረገ ድጋሚ ፍተሻ ማይክሮሶፍት በጠቆሩ ሴቶች ላይ የሚሠራው ስሕተት ወደ 1.5 በመቶ ወርዷል። በመጀመሪያው ጥናት ያልተፈተሸው አማዞን ግን በዚሁ ፍተሻ ከጠቆሩት ሴቶች 31.4 በመቶውን ስቶ ተገኘ። የታረመው የተጠየቀው ነው።

አሁን እኛም አገር ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ ከጣት አሻራና ከዓይን ብሌን ጋር የፊት ፎቶ እንሰጣለን። ፆታ መለየትና ማንነት ማመሳከር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ፊት የሚያመሳክር ፕሮግራም የሚገዛ ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት ውል ሳይፈርም የስሕተቱን መጠን ለሴትና ለወንድ፣ ለቀይ፣ ለጠይምና ለጥቁር ለየብቻ ይጠይቅ፤ ነጠላ የለበሰች የገጠር እናትም ከተፈታኞቹ መካከል ትኑር። ውጤቱንም ለሕዝብ ያሳውቅ።