የተደበቀው ሣጥን ባለቤት ሲጠፋ

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖሩ ከሆነ በጫካ መንገድ ስትንሸራሸሩ ከግንድ ሥር፣ ከድንጋይ ክምር ውስጥ፣ አረንጓዴ የጥይት ሣጥን ወይም ክዳኑ የጠበቀ የምግብ ዕቃ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ስትከፍቱት ትንሽ ደብተር፣ እርሳስ፣ የልጅ መጫወቻ ታገኛላችሁ። ማንም የጣለው ዕቃ እንዳይመስላችሁ፤ እንዳትወስዱት። ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ነው፦ አንዱ ይደብቃል፣ ቦታውን በኢንተርኔት ያስታውቃል፣ ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ይፈልጋል። የአዋቂዎች ድብብቆሽ ማለት ይቻላል።

የተጀመረበት ቀን ይታወቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ቀረና ማንም ሰው ቦታን በትክክል ማግኘት ቻለ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አካባቢ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። ውስጡ መዝገብ፣ እርሳስ፣ መጻሕፍትና አንድ ጣሳ ባቄላ ነበረበት። ያገኘ ሰው ዕቃ ወስዶ ዕቃ እንዲተው፣ ስሙንም እንዲመዘግብ አሳሰበ። ባልዲው በከፊል የተቀበረ ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ምግብም ሣጥን ውስጥ አይገባም፣ ሽታው አውሬ ይጠራልና።

የቀረው ሥርዓት ከጎረቤት ቤት ሥርዓት አይለይም። ከወሰዳችሁ በዋጋ የሚመጣጠን ወይም የሚሻል ነገር ተኩ። ደብተሩ ላይ ፈርሙ። ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ሣጥኑን ካገኛችሁበት ቦታ መልሱት፤ «እዚህ ይሻላል» ብላችሁ ሁለት ሜትር እንኳ አታንቀሳቅሱት። ቁጥር የተቀረጸበት የብረት መለያ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ስጦታ አይደለም፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚጓዝ መንገደኛ ነው። ከወሰዳችሁት ወደሚቀጥለው ሣጥን አድርሱት።

ሣጥን ሲደብቁ ፈቃድ መጠየቅና ምልክት ማድረግ ቀላል ነገር የሚመስላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ዌዘርቢ ከተማ ከአንድ ካፌ ውጭ የተደበቀ ሣጥን ቦምብ ተብሎ ተጠርጥሮ በወታደሮች እንዲፈነዳ ተደርጓል። በሣጥኑ ላይ ምንነቱን በግልጽ ጻፉ፤ የቦታውንም ባለቤት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የተረሳ ሣጥን ነው። ደባቂው ከተማ ይለቃል፣ ሥራ ይበዛበታል፣ ጨዋታው ይሰለቸዋል። ሣጥኑ እዚያው ይቀራል። ክዳኑ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ይገባል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ስትከፍቱት ደብተሩ መረቅ እንደጠጣ ፍርፍር ሆኖ፣ እርሳሱ ሻግቶ፣ መጫወቻው ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

ይህን ስታዩ ደረቅ ወረቀት ከያዛችሁ አስገቡ፣ ውኃውን አፍስሱ፣ ከዚያ ለባለቤቱ ሣጥኑ በተመዘገበበት ድረ ገጽ በኩል ጻፉለት። ፈልጋችሁ ካጣችሁም «አላገኘሁም» ብላችሁ መዝግቡ። ብዙዎች አፍረው ዝም ይላሉ፤ ሆኖም ሣጥኑ ጠፍቶ እንደሆነ ባለቤቱ የሚጠረጥረው «አላገኘሁም» የሚሉ ሰዎች ሲደጋገሙ ነው። የራሳችሁን አዲስ ሣጥን ጥላችሁ «አገኘሁ» ማለት ግን ትክክል አይደለም። የቀድሞው በሌላ ጥግ ካለ በአንድ ቦታ ሁለት ሣጥን ይሆናል፤ ባለቤቱም ያላወቀውን ዕቃ እንዲጠብቅ ይገደዳል።

ባለቤቱ ካልመለሰ ጉዳዩ ወደ ድረ ገጹ በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚዎች ይሄዳል። ገምጋሚው ሣጥኑን ለጊዜው ያግዳል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ገደማ ይታገሣል፣ መልስ ከታጣ በድረ ገጹ ላይ ያለውን የሣጥኑን መዝገብ ይዘጋዋል። የተዘጋው ግን መዝገቡ ብቻ ነው። ፕላስቲኩ አሁንም ዛፉ ሥር አለ፤ የማንሣት ግዴታውም የደባቂው ነው።

ደባቂው ጭራሽ ከጠፋስ? በእኔ አስተያየት አትቸኩሉ። መዝገቡ መዘጋቱን፣ ሣጥኑ በሌላ ድረ ገጽ አለመመዝገቡን አረጋግጡ፤ ለባለቤቱ አንድ መልእክት ልካችሁ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ማንሣት ጫካውን ማጽዳት ነው። ደብተሩን ግን አትጣሉት፤ የብዙ ሰው ስም አለበትና ባለቤቱ ሲመለስ ሊፈልገው ይችላል።

እናንተም መደበቅ ካሰባችሁ ዘወትር በምታልፉበት መንገድ ይሁን። ለዕረፍት በሄዳችሁበት አገር አትደብቁ፤ ማን ሄዶ ያየዋል? ከከተማው የምትለቁ ከሆነ መዝገቡ ሳይዘጋ ለሚረከባችሁ ሰው አስተላልፉ። ተረካቢ ካጣችሁ፣ ጓዛችሁን ስትጭኑ ሣጥኑንም አንሥታችሁ ሂዱ።