ቤቱ ሲያትል፣ ኪሱ ኦሎምፒያ፦ ስለ ስቴት በጀትና ስለ ተመጣጣኝ ቤቶች የሚባለውና እውነታው

በ2025 ጸደይ ኦሎምፒያ የሚሰበሰበው የዋሽንግተን ስቴት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተመጣጣኝ ቤቶች ለሚሠሩበት የቤቶች ትረስት ፈንድ 605 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከዚያ በፊት በነበረው በጀት 400 ሚሊዮን ነበር፤ በ2017ቱ ደግሞ ከ106 ሚሊዮን ብዙም አላለፈም። (ዋሽንግተን ስል ዲሲን አይደለም፤ የፓስፊክ ዳርቻውን፣ የሲያትልንና የታኮማን ስቴት ነው።) እንዲህ ያለ ቁጥር በተሰማ ቁጥር በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። አንዱ «ዘንድሮስ ቤት ሊደርሰን ነው» የሚል ነው። ሌላው «ተዉት፣ ብሩ እዚያው ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ያልቃል» የሚል ነው።

ሁለቱም የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ስቴቱ አንድ ኪስ ያለው ይመስላቸዋል። ኪሱ ብዙ ነው፤ ከአንዱ የወጣው ለሌላው ሥራ አይውልም። ለቤት ፈላጊው ደግሞ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ከየትኛው ኪስ እንደወጣ ማወቁ ይጠቅመዋል።

«በጀቱ ከጸደቀ ቤቱ ተሠራ ማለት ነው»

አይደለም። ዋሽንግተን በጀት የሚያወጣው ለሁለት ዓመት ሲሆን ዘመኑ የሚጀምረው በጎዶሎ ዓመት ጁላይ 1 ቀን ነው። በጀቱ ሲጸድቅ የስቴቱ የንግድ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን የማውጣት ፈቃድ ያገኛል እንጂ ግንበኛ አይቀጥርም። መጀመሪያ የማመልከቻ ጥሪ ያወጣል። ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች፣ የከተማና የካውንቲ የቤቶች ባለሥልጣኖች፣ የቀደምት ሕዝቦች ጎሳዎች ይወዳደራሉ። ያሸነፈውም ቢሆን ገንዘቡ የሚለቀቅለት ሌሎቹ አበዳሪዎች ሲሟሉለት ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሕንፃ በስቴት ገንዘብ ብቻ አይቆምም። ከከተማው ብድር፣ ከፌዴራል መንግሥት የግብር ቅናሽ፣ ከባንክ፣ ከቦንድ እየተለቃቀመ ነው የሚሞላው።

ሬይነር ጎዳና ላይ በሲያትል የኢትዮጵያውያን ማኅበርና ሂዩማንጉድ በተባለ ድርጅት አጋርነት የተሠራውን የአረጋውያን መኖሪያ ያየ ይህን ያውቀዋል። ወደ 90 የሚጠጉ አፓርታማዎች ያሉት «የኢትዮጵያ መንደር» ከሐሳብ ወደ ቁልፍ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል። በእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ገንዘቡን ማሟላቱ ከግንባታው ያልተናነሰ ጊዜ መብላቱ የተለመደ ነገር ነው።

ሰነድ ላይ የተጻፈ ገንዘብ እንኳ ሊቆም እንደሚችል 2017 አሳይቷል። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዓመት በፊት፣ በኦክቶበር 2016፣ በዋትኮም ካውንቲ አንድ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ጉዳዩ ከከተማ ኪራይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በገጠር ለአዲስ ቤት የውኃ ጉድጓድ መቆፈርን የሚመለከት ነው። የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች «ይህ ውሳኔ በሕግ ካልተስተካከለ የካፒታል በጀቱን፣ ማለትም የግንባታውን በጀት፣ አናጸድቅም» አሉ። ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነው በጀት ድምፅ ሳያገኝ ሦስት ልዩ ስብሰባዎች አለፉ፤ በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ትምህርት ቤት ሊሠሩ የነበሩ ወረዳዎችም፣ ከትረስት ፈንዱ የሚጠብቁ የቤት ገንቢዎችም ባሉበት ቆሙ። በጀቱ የጸደቀው በጃንዋሪ 2018 ነው። በጉድጓድ ሰበብ ስድስት ወር! መሬት በብድር ገዝቶ ወለድ ለሚከፍል ትንሽ ድርጅት ስድስት ወር ቀላል ጊዜ አይደለም፤ የግንባታ ዕቃ ዋጋም አይጠብቅም።

ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል፣ የካፒታል በጀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቦንድ ሽያጭ በሚገኝ ብድር ላይ ይቆማል። የስቴቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ብድር ለመውሰድ ከሁለቱም ምክር ቤቶች 60% ድምፅ ይጠይቃል። መደበኛው በጀት በተራ አብላጫ ድምፅ ያልፋል። ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ የተቃዋሚውን ፓርቲ ድምፅም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከቤት ጋር የማይገናኝ ጠብ ሁሉ እሱን መያዣ ሊያደርገው ይችላል።

«ገንዘቡ ከጨመረ ፕሮግራሙ ሁሉ ተሻሻለ ማለት ነው»

ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጋዜጠኞችም ጭምር። የካፒታልና የመደበኛ በጀት ልዩነት አገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሠራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚህም ያው ነው። የትረስት ፈንዱ 605 ሚሊዮን የካፒታል ገንዘብ ነው። ሕንፃ ይሠራል፣ ሕንፃ ይገዛል፣ ያረጀ ያድሳል። የጥበቃ ደመወዝ አይከፍልም፤ ተከራዩን የሚከታተለውን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም አይቀጥርም፤ የኢንሹራንስ ክፍያ አይሸፍንም። ቦንድ ተሽጦ በመጣ ገንዘብ የየወሩን ወጪ መክፈል አይቻልም።

አሁን 2025ን መልሰን እንየው። ትረስት ፈንዱ ክብረ ወሰን በሰበረበት በዚያው ስብሰባ መደበኛው በጀት ለአራት ዓመት ሲሰላ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ጉድለት ነበረበት። ሕግ አውጪዎቹ ከፊሉን በአዲስ ግብር፣ ከፊሉን በቅነሳ ለመሙላት ሲታገሉ ከረሙ። ገዥው ቦብ ፈርጉሰን የፈረሙት ይህንን ነው፦ በአንድ እጅ ታይቶ የማይታወቅ የግንባታ ገንዘብ፣ በሌላው እጅ የተጨነቀ የሥራ ማስኬጃ።

ይህ ለአንድ ሕንፃ ምን ማለት ነው? ከመንገድ የተነሱ ሰዎች የሚገቡበት ቤት ቀንና ሌሊት ሰው የሚቀመጥበት መቀበያ ያስፈልገዋል። ኪራዩ የተከራዩን ገቢ 30% ያህል ነው፤ ተከራዩ በአካል ጉዳት ድጎማ የሚኖር ከሆነ ከዚያ የሚገኘው መብራትና ውኃ ቢሸፍን ነው። ቀሪው ከየት ይመጣል? ከመደበኛው በጀት፣ ከካውንቲው ወይም ከፌዴራል የኪራይ ድጎማ (ቫውቸር)። ከወረርሽኙ በኋላ ያልተከፈለ ኪራይ ተጠራቅሞ፣ ኢንሹራንስ ተወዶ፣ ነባር ሕንፃዎቻቸውን ማስተዳደር የከበዳቸው ድርጅቶች አሉ። ለእነሱ አዲስ ሕንፃ መጨመር ደስታም ጭንቀትም ነው። «ብሩ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ያልቃል» የሚለው ሰው ይህን ቢያይ ቅሬታውን ያስተካክል ነበር። ገንዘቡ ባክኖ ሳይሆን ለሥራ ማስኬጃ የሚውል ስላልነበረ ነው የማይታየው።

«ይህ የከተማው ጉዳይ ነው፤ ኦሎምፒያ ምን አገባት?»

ሲያትል በራሷ ብዙ ሠርታለች። በኖቬምበር 2023 መራጩ ለሰባት ዓመት 970 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ የንብረት ግብር ለቤቶች አጽድቋል፤ ከእሱ በፊት የነበረው የ2016ቱ 290 ሚሊዮን ነበር። በ2020 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ከፍተኛ ደመወዝ በሚከፍሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ግብር ጥሎ አብዛኛውን ለቤት እንዲውል ወስኖ ነበር፤ በኋላ ዓመታት ከተማው ለራሱ የበጀት ቀዳዳ መድፈኛ ወስዶበታል።

ይሁንና ከተማ ግብር የሚጥለው ስቴቱ በከፈተለት በር ነው። በ2019 የወጣው ሕግ ቁጥር 1406 ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕጉ ከተሞችና ካውንቲዎች ስቴቱ ከሚሰበስበው የሽያጭ ታክስ ቅንጣት ያህሉን ለ20 ዓመት ለቤቶች እንዲያስቀሩ ፈቀደ። ሸማቹ ከበፊቱ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም፤ ስቴቱ ነው ከራሱ ድርሻ የሚለቀው። መጠኑ 0.0073% ነው፤ እንደ ሲያትል ለቤቶች የሚውል የራሱ ግብር ላለው ከተማ እጥፍ ሆኖ 0.0146%። ይህም በ100 ዶላር ግዢ አንድ ሳንቲም ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ለ20 ዓመት የተረጋገጠች ስለሆነች ሊበደሩባት ይቻላል። ሕጉ የማይራዘም ቀነ ገደብ ነበረው፤ በጁላይ 2020 መጨረሻ ደንቡን ያላወጣ ከተማ ዕድሉ አለፈው። ሰፈርዎ ያለበት ከተማ በሰዓቱ ወስኖ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ2020 የወጣው ሕግ ቁጥር 1590 ደግሞ ምክር ቤቶች ያለ ሕዝበ ውሳኔ 0.1% የሽያጭ ታክስ ለቤት እንዲጥሉ ፈቀደ። ኪንግ ካውንቲ ወዲያው ተጠቅሞበት ሆቴሎችን እየገዛ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መኖሪያ አደረጋቸው። ይህኛው ከሸማቹ ኪስ ይወጣል፤ ከ100 ዶላር 10 ሳንቲም።

የኪራይ ጣሪያንም ነገር በአጭሩ ልጥቀስ። «ከተማው ለምን ኪራይ አይገድብም?» የሚል ብዙ ነው። ከተሞች ኪራይ እንዳይወስኑ የሚከለክለው ከ1981 ጀምሮ የጸና የስቴት ሕግ ነው። ገደቡ የመጣው በ2025 ከኦሎምፒያው ምክር ቤት ነው፤ የዓመት ጭማሪው 7% እና የዋጋ ንረቱ ተደምሮ፣ ቢበዛ ግን 10%።

«ምክር ቤቱ ካልቆረጠ ገንዘቡ አይቀንስም»

ይቀንሳል፤ ያውም ማንም እጁን ሳያወጣ። ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚውለው የካውንቲዎች ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው ከሰነድ ማስመዝገቢያ ክፍያ ነው። ቤት ሲሸጥ፣ ሞርጌጅ ሲወሰድ፣ ሪፋይናንስ ሲደረግ ሰነዱ በካውንቲው ይመዘገባል፤ ዛሬ ለአብዛኛው ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ከ300 ዶላር በላይ ይከፈላል፤ ከዚያም ብዙው ለቤት ጉዳይ ይሄዳል።

በ2020 እና በ2021 የሞርጌጅ ወለድ 3% አካባቢ ሳለ አገሬው ሁሉ ሪፋይናንስ ሲያደርግ ገቢው ጎረፈ። በኦክቶበር 2023 ወለዱ ወደ 8% ሲጠጋ ግን ገዢም ሻጭም ቤቱ ተቀመጠ፤ የሚመዘገበው ሰነድ ቀነሰ፤ መጠለያዎችና የኪራይ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች ገንዘባቸው አጠረ። ምክር ቤቱ ከሌላ ምንጭ ጉድለቱን ለመሙላት ተገዷል። ልብ በሉ፦ ወለድ ሲወደድ ቤት መግዛት የማይችለው ተከራይ ይበዛል፤ ኪራይ ይከብደዋል፤ የእርዳታው ገንዘብ የሚደርቀውም በዚያው ሰዓት ነው። እንዲህ የተሠራ ሕግ በጥሩ ዘመን አይታይም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያውም ጤናማ ሆኖ አልታየኝም።

«ስም አስመዝግቦ ዕጣ መጠበቅ ነው»

ይህ ከአዲስ አበባ ይዘነው የመጣነው ነው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ሰው ወይም ልጁ መንግሥት ይሠራል፣ መዝገብ ይይዛል፣ ዕጣ ያወጣል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በዋሽንግተን ግን የስቴት መዝገብ የሚባል የለም። በትረስት ፈንዱ የተሠሩትን ሕንፃዎች ስቴቱ አያስተዳድርም፤ ባለቤቱ ድርጅት ቢያንስ ለ40 ዓመት ኪራዩን ዝቅ አድርጎ ለመያዝ ፈርሞ ይረከባል። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ ተራ አለው። የሲያትል የቤቶች ባለሥልጣን ለቫውቸር ዕጣ ያወጣበት ጊዜ አለ፤ ቫውቸሩ ግን የፌዴራል ገንዘብ ነው፤ ከዚህ በጀት ጋር አይገናኝም።

ብዙ ሰውም «ለእኔ አይሆንም፣ እሠራለሁ» ብሎ ሳያመለክት ይቀራል። በ2025 በሲያትል አካባቢ የአራት ሰው ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ ከ150,000 ዶላር በላይ ሆኖ ተሰልቷል፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ደግሞ ገቢው እስከዚህ 60% የሚደርስ ቤተሰብ ይቀበላሉ። ይህም ከ90,000 በላይ ነው። በዚያው ዓመት በከተማው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 20 ዶላር ከ76 ሳንቲም፣ ሁለቱም ሙሉ ሰዓት የሚሠሩ ባልና ሚስት ከነሁለት ልጆቻቸው ዓመቱን ሙሉ ሠርተው ወደ 86,000 ገደማ ያገኛሉ። ያልፋሉ። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛትና የሕንፃው ዓይነት መስፈርቱን ይለውጡታልና በየሕንፃው መጠየቅ ያስፈልጋል።

በበጀቱ ላይ ድምፁን ማሰማት ለሚፈልግ፣ ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ይከፈታል፤ በጎዶሎ ዓመት ለ105 ቀን፣ በሙሉ ዓመት ለ60 ቀን። የገዥው ረቂቅ በጀት በዲሴምበር ይወጣል። ምስክርነት ለመስጠት ኦሎምፒያ ድረስ መንዳት አይጠይቅም፤ ከቤት በቪዲዮ መናገር ይቻላል፤ መናገር የማይፈልግም ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ድረስ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብሎ በኢንተርኔት መመዝገብ ይችላል። ማኅበራትና የአብያተ ክርስቲያናት፣ የመስጊዶችም አስተባባሪዎች ሰው ስታንቀሳቅሱ አንድ ነገር አደራ፦ የካፒታል በጀቱ ስብሰባ ላይ ብቻ ተመዝግባችሁ አትመለሱ። የመደበኛው በጀት ስብሰባ ሌላ ቀን፣ በሌላ ኮሚቴ ነው፤ እዚያም ስማችሁን አስገቡ።