መድኃኒት የማይበግረው የድመት ስኳር በሽታ

የስኳር በሽታ የሰው ልጅ ብቻ ደዌ አይደለም፤ ድመትንም ይይዛል። የታመመው ድመት ጧትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል፤ ለመጀመሪያውም ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዩኒት ይበቃዋል። ነገር ግን መጠኑ እየተጨመረ ስኳሩ አልወርድ ያለ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል?

አስተዋይ ባለቤት አስቀድሞ ቀላሉን ይመረምራል፤ መድኃኒቱ ተበላሽቶ፣ መርፌው ስቶ፣ ወይም ጥርሱን አሞት እንደ ሆነ ያያል። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ጥርጣሬው ወደ አክሮሜጋሊ ያመራል። ይህም ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ በምትባል ዕጢ ላይ እባጭ ሲበቅል የሚመጣ ሕመም ነው፤ የእድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ይመነጭና ኢንሱሊንን ሥራ ያስፈታዋል።

በለንደን የንጉሣዊ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሊቃውንት የ1,221 ስኳር ያለባቸውን ድመቶች ደም መርምረው፣ ከአራቱ አንዱ ያህል ይህ ሕመም እንዳለበት በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገምተዋል።

ስኳሩ ያልተገታ ድመት ይከሳል፤ ይህኛው ግን ክብደት ሊጨምር፣ መዳፉ ሊሰፋ፣ ሲተኛም ሊያንኮራፋ ይችላል። ባለቤቱም «ተስማማው» ብሎ ይታለላል። ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና ስትወጣ ብዙዎቹ ከመርፌ ይገላገላሉ፤ የጨረር ሕክምናም አለ። እንግዲህ መጠን መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል።