ልጅዎ ዛሬ የትኛውን አገር እየገዛ ነው?

ልጅዎ ኮምፒውተር ላይ ካርታ ዘርግቶ ለሰዓታት ሲያፈጥ አይተው ይሆናል። ተኩስ አይሰማም፣ መኪና አይሮጥም፣ ኳስም የለም። የሚታየው ባለ ብዙ ቀለም ካርታ፣ ቁጥርና ቀስ እያለ የሚቆጥር ቀን ብቻ ነው። ጨዋታው «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» ከሆነ ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጡ። ጭሮም ይኑሩ ሂርና፣ ገለምሶም ይሁን በዴሳ፣ ልጅዎ የሚጫወተው በደጃፍዎ ታሪክ ነው።

ጨዋታውን የሠራው የስዊድኑ ፓራዶክስ ኩባንያ ሲሆን የወጣውም በ2013 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ አንድ መንግሥት ይመርጥና ከኖቬምበር 11 ቀን 1444 ጀምሮ እስከ 1821 ድረስ ይመራዋል። ግብር ይሰበስባል፣ ይዋዋላል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል።

ኢትዮጵያን ከመረጠ ዙፋኑ ላይ የሚያገኘው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ነው። በምሥራቅ በኩል አዳል አለ። ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በ1445 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአዳሉ ሱልጣን በድላይ ደዋሮ ውስጥ ጎሚት በተባለ ስፍራ ገጥመው በድላይ ወድቋል። ደዋሮን የታሪክ ጸሐፊዎች በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ መካከል ያስቀምጡታል፤ ከጨርጨር ተራሮች ሩቅ አይደለም። ጭሮን ግን ካርታው ላይ አይፈልጓት፤ አሰበ ተፈሪ የተባለችው ገና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከንግድ ዕቃዎቹ መካከል ቡና አለ። ጫት የለም፤ ስዊድኖቹ ገለምሶን አላዩም ማለት ነው።

እንግዲህ ልጅዎ ከዚህ የሚማረው ጥቂት አይደለም። ጎረቤቱን እየደጋገመ የሚወር ንጉሥ ሌሎቹ ተባብረው ይነሡበታል። ግምጃ ቤቱ ባዶ የሆነ ንጉሥ በወለድ ይበደራል። ከባሕር ማዶ የሚገኝ ወዳጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግም ይገባዋል፤ በ1541 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ጠመንጃ ይዘው ምጽዋ የወረዱበትን ምክንያት ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ እዚህ ቶሎ ይረዳዋል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ተጫዋቹ ጦር በላከ ቁጥር «የሰው ኃይል» የሚባል ቁጥር ይቀንሳል። ሃያ ሺህ የነበረው ሦስት ሺህ ሲሆን ልጁ ብዙም አይደነግጥም፤ በአሥር ዓመት ገደማ ተመልሶ እንደሚሞላ ያውቃላ! ታዲያ በእውነተኛው ታሪክ እንዲህ ሆነ ወይ? በ1559 የሐረሩ አሚር ኑር ጦር ዐፄ ገላውዴዎስን በውጊያ ገደለ። ድል ነበር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ሐረርን ረሃብና ወረርሽኝ መታት፤ አሚሩም ራሱ በበሽታው ሞተ። ያሠራው የጀጎል ግንብ ዛሬም ቆሟል። ልጅዎን ወደዚያ የመውሰድ ዕድል ካገኙ ይህን ቆመው ይንገሩት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን «ሚስዮናዊ» የሚለው ቁልፍ ነው። ልጁ ሌላ እምነት ያለበትን አውራጃ መርጦ ይጫነዋል። በየወሩ ገንዘብ ይቆረጣል፣ መቶኛው ያድጋል፤ መቶ ሲሞላ አውራጃው በሙሉ ሃይማኖቱን ለወጠ ይባላል። ማንም ማንንም አላነጋገረም፤ ማንም አልተጠየቀም። አዳልን የመረጠ ልጅም ያንኑ ቁልፍ በክርስቲያኖች አውራጃ ላይ ይጫናል፤ ለማሽኑ ሁለቱም አንድ ናቸው። እኛ የምናውቀው ወንጌል ሰው ለሰው የሚናገረው፣ ሰሚውም በገዛ ልቡ የሚቀበለው ወይም የማይቀበለው ነው። የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር በአንድ ሰፈር በሚሰማባቸው ከተሞቻችን ደግሞ ያ «አውራጃ» በዒድ ሳህን የሚልክልን ጎረቤት ነው፤ የልጅዎ የክፍል ጓደኛ ነው። ልጁ ቁልፉን ሲጫን «አሁን እዚያ ምን የሆነ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን አይቸኩሉበት።

አዳልን ይዞ እንዲጫወትም ይፍቀዱለት። የኢማም አሕመድን ዘመን ከሐረር በኩል ያላየ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ደግሞም ኦዳ ቡልቱም የት እንዳለ ይጠይቁት። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፍበት የገዳ ሥርዓት ከታላላቅ የጉባኤ ስፍራዎቹ አንዱ እዚሁ ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ነው፤ በጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልንገርዎ። «እማዬ፣ ጦርነት ላይ ነኝ» የሚለውን ምክንያት አይቀበሉ። በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ረጅሙ ቁልፍ አንዴ ሲነካ ዘመኑ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እራት እስኪበላ፣ ጸሎት እስኪደረግ፣ ሌሊቱም እስኪነጋ አዳል ከቦታው አይነቃነቅም።

አምስተኛው እትም በኖቬምበር 2025 ወጥቷል። የሚጀምረው ከ1337 ነው፤ በዙፋኑ ላይ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ናቸው። ስለ እርሳቸው መጠየቅዎ አይቀርም፤ ከአሁኑ ያንብቡ።